ሊቢግና የአፈር ዕዳ

በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠራ ተማሪ ሁሉ የሊቢግን ስም ያውቃል። ተንን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ የሚመልሰው የመስታወት ቧንቧ በስሙ ይጠራልና ነው። ቧንቧውን የፈለሰፈው ግን እሱ አይደለም፤ እሱ በሰፊው ሥራ ላይ አዋለው እንጂ። የዚህ ሰው ትልቁ ሥራም በመስታወት ዕቃ ሳይሆን በእርሻ መሬት ላይ የታየ ነው። ገበሬው ለመሬቱ ምን ዓይነት ማዳበሪያ ይስጥ? ምን ያህልስ ይስጥ? ለሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ሳይንሳዊ መልስ ለመስጠት ከተነሡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሊቢግ ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ መለሰ፤ በሁለተኛው ላይ ግን ክፉኛ ተሳሳተ። ስሕተቱም ከግኝቱ ያላነሰ ትምህርት ስለሚሰጥ፣ የሕይወት ታሪኩን ከነስሕተቱ እነሆ ለአንባብያን እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከቀለም ነጋዴ ቤት እስከ ፓሪስ

ዩስቱስ ሊቢግ ሜይ 12 ቀን 1803 በዳርምሽታት ከተማ ተወለደ። ጀርመን በዚያን ጊዜ በአንድ መንግሥት ሥር አልነበረችም፤ በብዙ መሳፍንት ተከፋፍላ ትተዳደር ነበር። ዳርምሽታትም የሄሰን መሳፍንት መቀመጫ ነበረች። አባቱ ቀለም፣ ቫርኒሽና የመድኃኒት ቅመም የሚሸጥ ነጋዴ ሲሆን፣ ከሚሸጠው ውስጥ ብዙውን ራሱ በሥራ ቤቱ ያዘጋጅ ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት ይልቅ ከዚህ ሥራ ቤት የተማረው ይበልጣል። ላቲንና ግሪክኛ የሚሸመደድበት ትምህርት አልገባው ብሎ ከክፍሉ መጨረሻ ይሰለፍ ነበር። ነገር ግን ከመስፍኑ ቤተ መጻሕፍት የኬሚስትሪ መጻሕፍትን እየተዋሰ ያነብ ነበር፤ ያነበበውንም ሙከራ በአባቱ ዕቃ ይደጋግመው ነበር።

የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1816፣ በአውሮፓ ሞቃቱ ወራት ሳይሞቅ አለፈ። ባለፈው ዓመት በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ብናኝ የፀሐይን ብርሃን ስለጋረደ፣ ብርዱና ዝናቡ እህሉን አበላሸው። በጀርመን ምድርም ረኀብ ገባ። ሊቢግ በኋላ ስለ እርሻና ስለ ምግብ የጻፈውን የሚያነብ ሰው፣ ጸሐፊው ረኀብን በዓይኑ ያየ ትውልድ ልጅ መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

በ14 ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጣና በሄፐንሃይም ከአንድ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሙያ እንዲማር ተላከ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ፈንጂ ሲቀምም ክፍሉን አፍርሶ ስለተባረረ ነው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ታሪኩን የመረመሩ ሰዎች ግን አባቱ የማስተማሪያውን ገንዘብ መክፈል ስላቃተው ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በ1820 ወደ ቦን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በሚቀጥለውም ዓመት መምህሩን ካስትነርን ተከትሎ ወደ ኤርላንገን ተዛወረ።

እዚያም ከፖለቲካ ጋር ተገናኘ። የጀርመን መሳፍንት በ1819 በካርልስባድ ተስማምተው የተማሪዎችን እንቅስቃሴ በጥብቅ መቆጣጠርና ማኅበራትን ማገድ ጀምረው ነበር። ሊቢግ ከታገዱት ማኅበራት በአንዱ አባል ነበር። በ1822 ተማሪዎችና የከተማው ሰዎች በተጋጩ ጊዜ ተይዞ ታሰረ፤ ከዚያም ከተማውን ለቆ ወጣ። ይህ ወጣት ትምህርቱ በዚሁ በቀረ ነበር። ነገር ግን ካስትነር ስለ እሱ ለሄሰን መስፍን ተማጠነለትና፣ በመንግሥት ገንዘብ ፓሪስ ሄዶ እንዲማር የትምህርት ዕድል ተሰጠው። እንዲህም ሆኖ ሊቢግ በ19 ዓመቱ በውጭ አገር ተማሪ ሆነ።

በዚያን ጊዜ በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ኬሚስትሪ ይበልጡን ከፍልስፍና ጋር ተቀላቅሎ በቃል የሚነገር ትምህርት ነበር። በፓሪስ ግን ሊቃውንቱ ይመዝኑና ይለኩ ነበር፤ ያልተመዘነ ነገር በእነሱ ዘንድ ክብር አልነበረውም። ሊቢግም የቀሰመው ትልቅ ትምህርት ይህ ነው። የፈንጂ ጨዎችን መርምሮ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበ ጊዜ፣ ዝነኛው ተጓዥና ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ተመለከተውና ከጌ ሊሳክ ጋር አስተዋወቀው። ጌ ሊሳክም በግል ቤተ ሙከራው አብሮት እንዲሠራ ፈቀደለት። በኋላም ሁምቦልት ለሄሰን መስፍን የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት። ሊቢግ በ1824 ወደ አገሩ ሲመለስ በጊሰን ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኖ ተሾመ። ዕድሜው ገና 21 ዓመት ነበር።

በዘበኞች ቤት የተከፈተ ቤተ ሙከራ

ጊሰን ያን ጊዜ ትንሽና ድኻ ከተማ ነበረች። ለቤተ ሙከራ የተሰጠውም ቦታ ወታደሮች ለቀውት የሄዱት አሮጌ የዘበኞች ቤት ነበር። በጀቱም አነስተኛ ስለነበረ አዲሱ አስተማሪ ከኪሱ እያወጣ ዕቃ ይገዛ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ጠባብ ቤት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከብዙ አገሮች ተማሪዎችን ይስብ ጀመር።

ምክንያቱ የማስተማር ዘዴው ነው። ከዚያ በፊት ተማሪው መምህሩ ሲሞክር ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። በጊሰን ግን ተማሪው ራሱ እጁን ያስገባል። በመጀመሪያ ምንነታቸው ያልተነገረውን ነገሮች እየመረመረ እንዲለይ ይደረጋል፤ ከዚያም አንድ አዲስ የምርምር ጥያቄ ይሰጠውና ውጤቱን በስሙ ያወጣል። በ1831 ሊቢግ አምስት አንጓ ያለው ትንሽ የመስታወት መሣሪያ ሠራ። በዚህም መሣሪያ በአንድ ነገር ውስጥ ምን ያህል ካርቦን እንዳለ መለካት ቀላልና ፈጣን ሆነ። ቀድሞ ሊቅ ብቻ የሚችለውን ሥራ አሁን ተራ ተማሪ ሊሠራው ቻለ። በጊሰን ባሳለፋቸው 28 ዓመታት ከ700 በላይ ተማሪዎች በእጁ አለፉ። ከእነዚህም መካከል ሆፍማን፣ ኬኩሌ፣ ፍሬዜኒየስና እንግሊዛዊው ጊልበርት ይገኛሉ። የጊልበርትን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ተክል ምን ይበላል?

ሊቢግ በ1840 ኬሚስትሪ ለእርሻ ምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። በዚያን ዘመን የታወቁት የእርሻ ሊቃውንት፣ በተለይም የአልብረሽት ቴየር ተከታዮች፣ ተክል የሚመገበው በአፈር ውስጥ ያለውን ብስባሽ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ሊቢግ ይህን በስሌት አፈረሰው። ጫካ በየዓመቱ ብዙ እንጨት ይሰጣል፤ ማንም ፍግ አይጨምርለትም፤ ብስባሹ ግን ይበዛል እንጂ አያንስም። ስለዚህ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየር የመጣ መሆን አለበት አለ። ከአፈር የሚመጣው ተክሉ ሲቃጠል በአመዱ ውስጥ የሚቀረው ነው፤ ይኸውም ፖታሽ፣ ፎስፈረስ፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና የመሳሰሉት ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ የአነስተኛው ሕግ በመባል ይታወቃል። ይህን ሕግ በመጀመሪያ የጻፈው ካርል ሽፕሬንግል የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ነው፤ ሊቢግ ግን በዓለም ላይ እንዲታወቅ አደረገው። ሕጉ ለገበሬ አዲስ አይደለም። ሁለት በሬ ተጠምዶ አንደኛው ቢደክም፣ የጥማዱን አካሄድ የሚወስነው የደከመው በሬ ነው፤ ለብርቱው በሬ ድርቆሽ ቢጨመርለት እርሻው አይፈጥንም። ተክልም እንዲሁ ነው። በመሬቱ ውስጥ ፎስፈረስ ካነሰ፣ ፖታሽ ቢከመርበት ምርቱ ከፍ አይልም። የምርቱን ልክ የሚወስነው ከሚያስፈልገው መጠን ይበልጥ የጎደለው ምግብ ነው።

የሹገር ቢት ምሳሌ

ይህን ሁሉ በግልጽ ለማየት ከሹገር ቢት የተሻለ ተክል ማግኘት ያስቸግራል። ሹገር ቢት የቀይ ሥር ዘመድ ነው፤ ሥሩ ግን ነጭና ወፍራም ሲሆን ከክብደቱ ከመቶ 16 እስከ 18 ያህሉ ስኳር ነው። በበርሊን ማርግራፍ የተባለ ኬሚስት በ1747 ከዚህ ሥር ስኳር አወጣ፤ ተማሪው አካርድም በ1801 በሲሌዥያ የመጀመሪያውን ፋብሪካ አቋቋመ። ናፖሊዮንና እንግሊዝ ሲዋጉ የሸንኮራ አገዳ ስኳር ወደ አውሮፓ መግባቱ ስለተቋረጠ የሹገር ቢት እርሻ ተስፋፋ። በሊቢግ ዘመንም በማግደቡርግና በሃለ አካባቢ ያለው ለም ሜዳ በሹገር ቢት ተሸፍኖ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ስኳር የተሠራው ከካርቦን፣ ከሃይድሮጂንና ከኦክሲጂን ነው። ሦስቱም ከአየርና ከውሃ የሚገኙ ናቸው። በአንድ ሄክታር 60 ቶን ማለት 600 ኩንታል ሥር ቢመረት፣ ወደ 10 ቶን ስኳር ይገኝበታል፤ በዚህ በነጠረ ስኳር ውስጥ ግን ከአፈር የተወሰደ ምግብ የለም ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሥሩ ብቻውን ከመሬቱ ወደ 100 ኪሎ ፖታሽና ወደ 50 ኪሎ ፎስፌት ይዞ ይወጣል። ቅጠሉ ደግሞ ከሥሩ የበለጠ ፖታሽ ይይዛል። ስለዚህ ቅጠሉ ታርሶ ወደ መሬቱ ቢገባ፣ ከፋብሪካ የሚወጣውም ተረፈ ምርት ለከብት ተሰጥቶ ፍጉ ቢመለስ፣ ገበሬው ለገበያ የሚሸጠው አየርና ውሃ ነው እንደማለት ነው። ቅጠሉንም ተረፈ ምርቱንም አሳልፎ የሸጠ ገበሬ ግን መሬቱን በኩንታል እየመዘነ ሸጠው ማለት ነው። የአፈር ዕዳ የምንለውም ይኸው ነው።

ስሕተቱ

ሊቢግ በዚህ ደረጃ ቢያቆም ኖሮ ስሙ ያለነቀፋ በቀረ ነበር። ነገር ግን በ1845 እንግሊዝ አገር ካሉ የኬሚካል ፋብሪካ ባለቤቶች ጋር ሆኖ በባለቤትነት መብት የተጠበቀ ማዳበሪያ አወጣ። ማዳበሪያው በተክሉ አመድ ውስጥ ያሉትን ነገሮች ሁሉ በልካቸው የያዘ ነበር። ሊቢግ ግን ፖታሹ በዝናብ ታጥቦ እንዳይጠፋ ፈርቶ፣ ከሌሎቹ ጋር በእሳት አቅልጦ በውሃ የማይሟሟ አደረገው። እንዲሁም ናይትሮጂን አልጨመረበትም፤ ዝናብ ከአየር ይዞ የሚወርደው አሞኒያ ይበቃል ብሎ ያምን ነበርና። ገበሬዎች ማዳበሪያውን ገዝተው በተኑት፤ እህላቸው ግን ለውጥ አላሳየም። የቤተ ሙከራው ሒሳብ ትክክል መስሎ ሳለ መሬቱ አልቀበልም አለ።

መልሱ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ጆን ቤኔት ሎውስ የተባለ ባለርስት በ1842 አጥንትንና የፎስፌት ድንጋይን በሰልፈሪክ አሲድ አሟምቶ ሱፐርፎስፌት የሚባለውን ማዳበሪያ የመሥራት መብት አስመዝግቦ ነበር። በ1843ም የሊቢግን ተማሪ ጊልበርትን ቀጥሮ በሮዛምስቴድ ርስቱ ላይ የእርሻ ሙከራ ጀመረ። ዘዴያቸው ቀላል ነው። አንዱን እርሻ በረጃጅም መደቦች ከፋፈሉት፤ ለአንዱ መደብ ምንም አይሰጡም፤ ለሁለተኛው ፍግ፣ ለሦስተኛው የአመድ ጨዎች ብቻ፣ ለሌሎቹ ደግሞ የአመድ ጨዎችንና ልዩ ልዩ መጠን ያለው ናይትሮጂን ይሰጣሉ። ከዚያም በየዓመቱ አጭደው ይመዝናሉ። የአመድ ጨዎች ብቻ የተሰጠው ስንዴ ምንም ካልተሰጠው ብዙም አልበለጠም፤ ናይትሮጂን ሲጨመርበት ግን ምርቱ ከፍ አለ። ዝናቡንም ለክተው በውስጡ ያለው አሞኒያ ጥቂት መሆኑን አሳዩ።

ሊቢግ ይህን በቀላሉ አልተቀበለም። ብዕሩ የተሳለ፣ ቁጣው ፈጣን ሰው ስለነበረ፣ ከገዛ ተማሪውና ከሎውስ ጋር ለብዙ ዓመታት በጽሑፍ ተጣላ። ይሁንና ስለ ማዳበሪያው መክሸፍ ራሱም ሲመረምር ቆየ። በ1850 ቶማስ ዌይ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት፣ አፈር አሞኒያንና ፖታሽን ይዞ እንደሚያስቀር በሙከራ አሳየ። ስለዚህ ፖታሹ እንዳይታጠብ ማድነቁ ከንቱ ድካም ነበር፤ አፈሩ ራሱ ጎተራ ነውና። ሊቢግ በ1862 መጽሐፉን አሻሽሎ ሲያወጣ በዚህ ነገር መሳሳቱን በግልጽ አመነ፤ ተፈጥሮ አስቀድማ ያሰናዳችውን ለማረም በመሞከሩም ራሱን ወቀሰ። በናይትሮጂን ጉዳይ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ከእነሎውስ ጋር አልታረቀም።

የናይትሮጂኑ እንቆቅልሽ ከፊሉ የተፈታው ሊቢግ ከሞተ በኋላ ነው። በ1886 ሄልሪግል፣ በጀርመን ለሹገር ቢት ምርምር በተቋቋመው በበርንቡርግ ጣቢያ ሲሠራ፣ ባቄላን፣ አተርንና የመሳሰሉትን ተክሎች መርምሮ፣ በሥራቸው እባጮች ውስጥ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ናይትሮጂን ከአየር እንደሚያገኙ አስታወቀ። ስንዴና ሹገር ቢት ግን ይህ ስጦታ የላቸውም፤ የሚፈልጉትን ከአፈር ማግኘት አለባቸው። ስለዚህ ስለ ስንዴው እነሎውስ ትክክል ነበሩ፤ አየር የተክል ምግብ ምንጭ ነው የሚለው የሊቢግ ሐሳብም ፍጹም መሠረት የሌለው አልነበረም።

የደከመው መሬት

በማግደቡርግና በሃለ አካባቢ ደግሞ ሌላ ችግር ተነሣ። ያለማቋረጥ ሹገር ቢት የተዘራበት መሬት ምርቱ እያሽቆለቆለ ሄደ። ገበሬዎቹ መሬቱ ቢት ሰልችቶታል ይሉ ጀመር። በሊቢግ ትምህርት መሠረት ምክንያቱ ግልጽ መሰለ፤ ሹገር ቢት ፖታሽ በላተኛ ስለሆነ መሬቱን አራቁቶታል ተባለ።

በዚሁ አካባቢ በሽታስፉርት ከተማ የገበታ ጨው ለማውጣት ሲቆፈር፣ ከላይ የተገኘው መራራ ጨው እንደ ቆሻሻ ይጣል ነበር። በከተማው የሹገር ቢት ፋብሪካ ኬሚስት የነበረው አዶልፍ ፍራንክ ያ የሚጣለው ጨው ፖታሽ የሞላበት መሆኑን ተገንዝቦ በ1861 ለማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ ማምረት ጀመረ። የዓለም የፖታሽ ኢንዱስትሪ የተወለደው እንዲህ ነው። ፖታሹ በጎደለበት መሬት ምርቱ ከፍ አለ። በብዙ እርሻዎች ላይ ግን ፖታሽ ቢጨመርም ድካሙ አልለቀቀም።

ምክንያቱን ያገኘው በሃለ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዩሊየስ ኩን ነው። በ1859 ሻኽት የተባለ ሊቅ በሹገር ቢት ሥር ላይ ጥቃቅን ትሎች አይቶ ነበር። ኩን መሬቱን ያደከመው የፖታሽ እጦት ሳይሆን ይህ ትል መሆኑን አሳየ። መድኃኒቱም በከረጢት የሚገዛ አልነበረም፤ ሰብልን እያፈራረቁ መዝራት ነው። ትሉ የሚመገበው ሲያጣ ቁጥሩ ይቀንሳልና። ከዚህ የምንረዳው፣ የምርት ማነስ ሁሉ የምግብ እጦት አለመሆኑን ነው። በሽተኛውን ሳይመረምሩ መድኃኒት ማዘዝ ለሰው እንደማይበጅ ሁሉ ለመሬትም አይበጅም።

ምን ያህል ይበቃል?

ሎውስና ጊልበርት ከ1871 እስከ 1875 በሮዛምስቴድ ባርንፊልድ በተባለው እርሻ ላይ ሹገር ቢት ዘርተው በልዩ ልዩ ማዳበሪያ ፈትነውታል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የተደረጉት ሙከራዎች አንድ ነገር አረጋግጠዋል። ለዚህ ተክል ማዳበሪያ ማብዛት ሁልጊዜ ጥቅም አይሆንም።

ናይትሮጂን ሲያንስ ቅጠሉ ይቀጭጫል፤ ይገረጣል፤ ፀሐይን የሚቀበልበት ስፋት አይኖረውም። በልኩ ሲሰጠው ቅጠሉ ቶሎ መሬቱን ይሸፍናል፤ ስኳሩም ይጠራቀማል። ከልክ ሲያልፍ ግን ተክሉ ወደ ቅጠል ያደላል፤ ሥሩ ሊከብድ ይችላል፤ በውስጡ ያለው የስኳር መቶኛ ግን ይቀንሳል። ከዚህም በላይ በሥሩ ውስጥ የሚጠራቀሙት የናይትሮጂን ውሁዶች በፋብሪካ ስኳሩ በሚገባ እንዳይረጋ ያደርጋሉ፤ ያልረጋውም ስኳር ከሞላሰስ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች ለገበሬው የሚከፍሉት በሥሩ ክብደት ብቻ ሳይሆን በስኳሩም መጠን ነው። በኩንታል ያሸነፈ የመሰለው ገበሬ በስኳሩ ሊሸነፍ ይችላል።

በእንግሊዝ አገር በአብዛኛው አፈር ላይ ለሹገር ቢት የሚመከረው ከፍተኛው የናይትሮጂን መጠን በሄክታር 120 ኪሎ ያህል ነው። ይህ በዩሪያ ሲታሰብ 260 ኪሎ ገደማ ይሆናል። መሬቱ ለም ከሆነ ወይም ፍግ ከተቀበለ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። በጀርመንም ከመዝራት በፊት በአፈሩ ውስጥ ያለው ናይትሬት ይለካና የጎደለው ብቻ ይሞላል። ትንሹ ነገር ትልቁን እንደሚገዛም በዚሁ ተክል ታይቷል። በ1931 ብራንደንቡርግ የተባለ ተመራማሪ የሹገር ቢትን ልብ የሚያበሰብሰው በሽታ ከቦሮን እጦት የሚመጣ መሆኑን አሳየ። በሄክታር ከ3 ኪሎ የማይበልጥ ቦሮን ሲጎድል፣ በመቶ ኪሎ የተበተነው ሌላው ማዳበሪያ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ሊቢግ ይህን ሳያይ ሞተ፤ ሕጉ ግን አስቀድሞ ተናግሮት ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ሊቢግ በ1845 የባሮንነት ማዕረግ ተሰጠው፤ በ1852 ደግሞ የባቫሪያ ንጉሥ ጠርቶት ወደ ሙኒክ ተዛወረ። በዚህ ዘመን ያሳሰበው ነገር ከአንድ ገበሬ ማሳ የሰፋ ነበር። እህሉና ሥጋው ከገጠር ወደ ትልልቅ ከተሞች ይጎርፋል፤ በውስጡ ያለው ፎስፈረስና ፖታሽ ግን ወደ ገጠር አይመለስም፤ በለንደን ቆሻሻ ቦይ አልፎ ወደ ባሕር ይገባል። ጉድለቱንም ለመሙላት አውሮፓ ከፔሩ ደሴቶች የወፍ ኩስ በመርከብ ታስመጣ ነበር። ሊቢግ ይህን አሠራር የዝርፊያ እርሻ ብሎ አወገዘው። መሬት የሰጠችውን ያልመለሰ ሕዝብ ከልጅ ልጆቹ እየሰረቀ ነው ብሎ ያምን ነበር። ካርል ማርክስም በ1867 ባሳተመው በካፒታል የመጀመሪያ ቅጽ ስለ ትልልቅ እርሻዎች አፈርን ማራቆት ሲጽፍ የሊቢግን ሥራ በሚገባ አንብቦ እንደነበረ ያሳያል።

ሊቢግ ኤፕሪል 18 ቀን 1873 በ69 ዓመቱ በሙኒክ ሞተ። የጊሰን ቤተ ሙከራው ዛሬ ሙዚየም ነው። በሮዛምስቴድ የተጀመረው የስንዴ ሙከራ ደግሞ ከ180 ዓመት በኋላም አልተቋረጠም፤ መደቦቹ አሁንም በየዓመቱ ይታጨዳሉ፤ ይመዘናሉ።

ለእኛስ?

የምንኖርበትን የመካከለኛውን ምሥራቅ አካባቢ የሚመለከት ሰው ሹገር ቢትን ሩቅ ሳይሄድ ያገኘዋል። ቱርክ የመጀመሪያዎቹን ፋብሪካዎች በ1926 ከፈተች፤ ግብፅም ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአባይ ዴልታ ታለማዋለች፤ ተክሉ ጨዋማነትን ከብዙ ሰብል ይበልጥ ስለሚችል ነው። በአገራችን ስኳር የሚገኘው ከሸንኮራ አገዳ ነው። የሊቢግ ጥያቄ ግን ከስንዴያችንና ከጤፋችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

በኢትዮጵያ ማዳበሪያ ወደ ገበሬው በሰፊው መድረስ የጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በ1967 በስዊድን ርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮግራም ከጀማሪዎቹ አንዱ ነበር። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ለአብዛኛው ገበሬ የተሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነበር፤ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ። ሁለቱ ተደምረው 64 ኪሎ ናይትሮጂንና 46 ኪሎ ፎስፌት ይሰጣሉ፤ ፖታሽ፣ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ ግን የሉበትም። የጎጃም ቀይ አፈርና የአዳ ጥቁር መሬት አንድ ዓይነት መድኃኒት ታዘዘላቸው ማለት ነው። በ2012 የአገሪቱን አፈር በሰፊው መርምሮ ካርታ የማውጣት ሥራ ሲጀመር፣ ድኝና ቦሮን በብዙ ቦታ፣ ዚንክና ፖታሽም በአንዳንድ ቦታ እንደሚጎድሉ ተነገረ፤ ቅይጥ ማዳበሪያዎችም መጡ። ከዚያ ወዲያ ቅይጡ በየአካባቢው በማሳ ተፈትኖ በበቂ አልተረጋገጠም የሚል ክርክር በተመራማሪዎች መካከል ተነሣ። ይህ ክርክር የሊቢግና የሎውስ ክርክር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የአፈሩ ምርመራ የጎደለውን ያመለክታል፤ ምን ያህል መስጠት እንደሚበጅ ግን የሚናገረው መደብ ከፍሎ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ መመዘን ነው።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገሮች አይረሱ። አንደኛ፣ በምዕራቡ ደጋ አፈሩ እጅግ ኮምጣጣ በሆነባቸው ወረዳዎች፣ የተበተነውን ፎስፈረስ አፈሩ አፍኖ ይይዘዋል፤ ኖራ ሳይጨመር ማዳበሪያ ማብዛት የገበሬውን ገንዘብ መቅበር ነው። ሁለተኛ፣ በብዙ የደጋ አካባቢ እንጨት ስለጠፋ ኩበቱ ይነድዳል፤ ገለባውም ለከብት ይሄዳል፤ ወደ ማሳው የሚመለስ ነገር የለም። ገበሬው ፍግ ለመሬት እንደሚበጅ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ምግቡን የሚያበስልበት ሌላ ማገዶ ስለሌለው ነው። ስለዚህ የአፈር ዕዳ በማዳበሪያ ከረጢት ብቻ አይከፈልም፤ የማገዶም፣ የመኖም፣ የመንገድም ጥያቄ ነው።

ሊቢግ በመንግሥት ገንዘብ ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ የጠበቀው አሮጌ የዘበኞች ቤት ነበር። የፓሪስን ቤተ ሙከራ ይዞ መምጣት አልቻለም፤ መመዘንንና መለካትን ግን ይዞ መጣ። የተሳሳተውም መመዘኑን ትቶ ገበሬውን ሳይጠይቅ ማዳበሪያውን ለገበያ ባወጣ ጊዜ ነው። ከመካከላችን እርሻን፣ ኬሚስትሪን ወይም ኢኮኖሚክስን የሚያጠኑ ወገኖች ነገ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ፣ ከሰው አገር መጽሐፍ የተቀዳ የማዳበሪያ መጠን ይዘው ከመምከር በፊት፣ ከገበሬው ማሳ ጥግ ጥቂት መደብ ተከራይተው ሚዛን ቢያቆሙ፣ ለአገራቸው የበለጠ ይጠቅማሉ።